የጀልባዋን ባትሪ የበላው ሽቦ

ባለፈው ክረምት የአንድ ሎሪ ማስነሻ ሞተሪኖ እየገጠምሁ ሳለ ብሎኑ ከጣቴ ሦስት ጊዜ ወደቀ። አራተኛ ጊዜ ሳነሳው የእጄን መንቀጥቀጥ ባለሎሪው አየ። ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። በዚያው ሳምንት በሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ሰናዒያ በሚባለው የጋራዦች ሰፈር የነበረችኝን ሱቅ ለጎረቤቴ ለቀቅሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የመኪና፣ የትራክተርና የጄኔሬተር ሽቦ ስፈታና ስቋጥር ኖሬያለሁ። አሁን ቤት ስውል ሰዎች ከሥራዬ የማልረሳው የትኛውን እንደሆነ ይጠይቁኛል። ሁሉም እምቢ ያለ ትልቅ ማሽን ያስነሳሁበትን ቀን እንድነግራቸው ይጠብቃሉ። እኔ የማልረሳው ግን ባትሪዋ እየሞተ ያስቸገረች አንዲት ጀልባ ነች።

ከመተማ ወደዚህ የተሻገርሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ሰሊጥ ለማጨድ ነበር። አጨዳው ሲያልቅ ጓደኞቼ ወደ ጎንደር ተመለሱ። እኔ የእርሻውን ትራክተር ሊጠግኑ የመጡትን ሰው እጅ ሳይ ውዬ እሳቸውን ተከትዬ ገዳሪፍ ገባሁ። ኡስታ ኢድሪስ ይባላሉ፤ ኡስታ በዚህ አገር የእጅ ሙያ አለቃ መጠሪያ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ አማርኛን ከጫኝና አውራጅ ለቅመው የሚናገሩ የከሰላ ሰው ነበሩ።

ኡስታ ኢድሪስ ሥራ ላይ ሳሉ ጋራዡ ውስጥ ዘፈን አይከፈትም፤ በኤሌክትሪክ የምትሠራዋ ማብሪያ፣ ሪሌ፣ ስትከፈትና ስትዘጋ የምታሰማትን ጠቅታ መስማት ይፈልጋሉ። ሽቦ ሲመረምሩ ዓይናቸውን አያምኑም። ከባትሪው ራስ ይጀምሩና በሁለት ጣት እየዳበሱ ጫፉ ድረስ ይሄዳሉ፤ መሀል ላይ አበጥ ያለ፣ የሞቀ ወይም የላላ ነገር ካለ ጣታቸው ያገኘዋል። መንገድ ላይ የቆመ መኪና ተጎትቶ እንዲመጣላቸውም አይወዱም። ሳጥናቸውን ተሸክመው እቆመበት ድረስ ይሄዳሉ። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን አንድ የታወቀ የሰሊጥ ነጋዴ በሰው ፊት "መኪናዬ ምን ሆነ?" ሲላቸው፣ "ማዓሪፍ" ብለው መለሱለት፤ አላውቅም ማለታቸው ነው። እኔ በሳቸው ፋንታ አፈርሁ። እሳቸው ግን እጃቸውን ታጥበው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ባትሪ የሚበላ ነገር አፈላለግ ያስተማሩኝ በዚያው ሰውዬ ሎሪ ነው። ሎሪው ማታ ደኅና ገብቶ ጧት አልነሳ ይላል። ኡስታ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፈቱና በገመዱና በባትሪው ራስ መካከል ትንሽ አምፖል አስገቡ። ቁልፉ ተዘግቷል፣ መብራቱ ሁሉ ጠፍቷል፤ አምፖሏ ግን በራች። "አየህ፣ አንድ ነገር እየጠጣው ነው" አሉኝ። ከዚያ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ አምፖሏን ማየት ነው። ሦስተኛው ሲነቀል ጠፋች። የዚያን ፊውዝ ሽቦ በጣታቸው ተከትለው ወንበር ሥር ካለው የዕቃ ሳጥን ደረሱ። ክዳኑ ስለተጣመመ ውስጡ ያለችው መብራት ቀንም ሌትም ስትበራ ኖራለች። ሥራው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። እኔ ግን ያን ቀን ሙያዬ ይሄ ነው ብዬ ወሰንሁ።

ከእሳቸው ጋር ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ ወደ አንድ ትልቅ የእርሻ ድርጅት ገባሁ። እዚያ ያለው አለቃዬ ሌላ ዓይነት ሰው ነበር። "አስነሳልኝ እንጂ ምን እንደሆነ አትንገረኝ" ይላል። ዱራው፣ ማሽላው ማለት ነው፣ ሳይዘራ ዝናቡ እንዳያልፍ ይሮጣል፤ እኔም አብሬው ሮጥሁ። መበየድ ያለበትን ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል፣ "ነገ አስተካክለዋለሁ" ብሎ ወደ ሌላው ትራክተር መሄድ እዚያ ለመድሁ። ቀጥሎ ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ የውሃ ፓምፑን ጄኔሬተር አምስት ዓመት ጠበቅሁ፤ ደመወዙ ትንሽ፣ የሚሞላው ወረቀት ብዙ ነበር። በመጨረሻ የራሴን ሱቅ ከፈትሁ። ኡስታ ኢድሪስ በዚያው ዓመት አረፉ። ስሜ ስጦታው ነው፤ ሰው ግን በሳቸው ስም ጠርቶ ያምነኝ ነበር፤ "የኢድሪስ ተማሪ" ይሉኛል።

የጀልባዋን ሥራ ያመጡልኝ ሼኽ ዑመር የሚባሉ የአንድ መንደር ሽማግሌ ናቸው። ከሸዋክ ከተማ በላይ ወንዙ ተገድቦ የተፈጠረው ሐይቅ ማዶ ያለው መንደራቸው ሐኪም ቤት የለውም። በየብስ ዞሮ መሄድ ቀን ይፈጃል፤ በክረምት ጭራሽ አይታሰብም። የመንደሩ ኮሚቴ አንዲት የአሉሚኒየም ጀልባ ከነትልቅ ሞተሯ አገኘ። በሳምንት ሁለት ቀን አዋላጇን ዘሃራን ወደ መንደሩ ይዛ ትሄዳለች፤ ስትመለስ በሽተኛ ታሻግራለች። ካርቱም ላይ ጦርነት ተነስቶ ሰው ወደዚህ ሲጎርፍ ደግሞ ሥራዋ በዛ።

ለመብራቷ፣ ለክትባት ማቀዝቀዣዋና ከሆዷ ውሃ ለሚያወጣው ፓምፕ ሽቦ የዘረጋሁት እኔ ነኝ። አንድ ባትሪ ብቻ ነበረች። ሁለተኛ ባትሪ እንደሚያስፈልግ ተናገርሁ፤ የለም ሲሉኝ "እንግዲያው በአንዱ ይሄዳል" አልሁ። ሁሉን ሽቦ በፊውዝ ሳጥኑ አሳለፍሁ። የፓምፑን ግን በቀጥታ ከባትሪው አገናኘሁት፤ ዋናው ማጥፊያ ተዘግቶም ፓምፑ መሥራት አለበት። ይህ ትክክል ነው። ትክክል ያልሆነው የሚቀጥለው ነው። ሽቦው አንድ ክንድ ያህል አጠረኝ። ሌላ ሽቦ ቀጠልሁለት። እንዲህ ያለ ቅጥል በቀለጠ እርሳስ ተበይዶ፣ ውሃ በማያስገባ ቱቦ ተሸፍኖ፣ ከፍ ካለ ቦታ መታሰር አለበት። የመበየጃዬ ጋዝ አልቆ ነበር፤ ጀልባዋ ደግሞ በማግሥቱ ጧት እንግዶች ባሉበት ልትመረቅ ነው። ጠመዘዝሁት፣ በናስትሮ ጠቀለልሁት፣ ከወለሉ ሳንቃ ሥር አስገባሁት። ሰኞ ተመልሼ እበይደዋለሁ አልሁ። ሰኞ ሱቄ በሰው ተሞላ።

የጀልባዋ ነጂ መኳንንት ይባላል። የአርማጭሆ ሰው ነው፤ እንደኔው ለሰሊጥ መጥቶ ወንዝ ወንዝ ሲል ዓሣ አጥማጅ ሆኖ የቀረ። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ አያ መኳንንት እለዋለሁ። አማርኛ የምናወራበት ሰው በመገኘቱ ሁለታችንም ደስ ብሎን ነበር።

ከስምንት ወር በኋላ ባትሪው መሞት ጀመረ። ቻርጅ ያደርጉታል፣ ከሦስት አራት ቀን በኋላ ሞተሩ አልነሳ ይላል። ሼኽ ዑመር ደወሉልኝ። ስደርስ አክብረውኝ ጀልባዋን አሸዋው ላይ ጎትተው አውጥተዋት፣ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ውላ ጠበቀችኝ። የመንደሩ ሰው ከቦ ቆሟል። አምፖሌን አስገባሁ። አልበራችም። ፊውዞቹን ነካካሁ፣ ገመዶቹን አጠበቅሁ። አልበራችም። ምንም ነገር ባትሪውን አይበላውም።

"ባለሙያው ምን ይላል?" አሉ ሼኽ ዑመር።

አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ዓይኔ መሪው ሥር ወዳለች ትንሽ ሬዲዮ ሄደ። ከጀርባዋ ቀጭን ሽቦ ወጥቶ ወደ ሳንቃው ይገባል።

"አያ መኳንንት፣ ይህችን ከፍተህ ነው የምትሄደው?"

"አንዳንድ ቀን እረሳታለሁ" አለ።

"በቃ፣ ባትሪውን የጨረሰችው እሷ ናት" አልሁ፤ ለሼኹም በዓረብኛ ደገምሁላቸው። ያን የምታህል ሬዲዮ ባትሪ ለመጨረስ ሳምንታት እንደሚፈጅባት አውቅ ነበር። እያወቅሁ ተናገርሁት።

መኳንንት አየኝ። ረጅም ጊዜ ነው ያየኝ፤ አንድ ነገር እንድጨምር የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ከዚያ ወደ ጀልባዋ ገባ፣ ሬዲዮውን አነሳ፣ ሽቦውን ስቦ በክንዱ ጠቀለለና ወጣ። በዚያው ሳምንት ግዴለሽ ነው ተብሎ ከጀልባዋ ተነሳ። እኔ አዲስ ባትሪ ገጠምሁ፤ "ከእንግዲህ አታስቸግራችሁም" ብዬ ወደ ገዳሪፍ ተመለስሁ።

አዲስ ባትሪ ብርቱ ነው፤ ወር ያህል ቻለ። ከዚያ በኋላ አንድ ከሰዓት ዘሃራ ደወለችልኝ። ድምፅዋ እንደ ወትሮው አልነበረም።

ሐሊማ የምትባል የመንደሩ ሴት በዋዜማው ጧት ምጥ ያዛት። ልጁ አግድም ስለነበረ ዘሃራ ወደ ሐኪም ቤት ትሂድ አለች። ባሏ ሙሳ ተሸክሞ አሳፈራት። ሐይቁ መሀል ሲደርሱ የዓሣ መረብ የሞተሩን ክንፍ ተበተበው። አዲሱ ነጂ ሞተሩን አጥፍቶ መረቡን ቆርጦ ጣለ። ቁልፉን ሲያዞር ጠቅ ብቻ አለ። ሞተሩ በገመድ ተስቦ የሚነሳ ዓይነት አይደለም። አንድ መቅዘፊያ ነበራቸው፤ ነፋሱ ግን ወደ ኋላ ይመልሳቸው ነበር። ስልክ እዚያ አይሠራም። ከረፋድ እስከ አሥር ሰዓት ፀሐይ ላይ ተንሳፍፈው ዋሉ። በኋላ ዓሣ አጥማጆች አይተው ጎተቷቸው። ሐሊማ ተረፈች። ልጁ፣ ወንድ ነበር፣ አልተረፈም።

ዘሃራ ይህን ሁሉ በዝግታ ነገረችኝ። መጨረሻ ላይ "ስጦታው፣ ባትሪው አዲስ ነው ብለኸን ነበር" አለች።

የተቀመጥሁበትን አላስታውስም። ደንበኛ ፊቴ ቆሞ ያወራኛል፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ቃሉ አይገባኝም። አዲስ ባትሪ በወር የሚሞት ከሆነ ሬዲዮዋም በሌለችበት አንድ ነገር እየበላው ነው። ያ ነገር መጀመሪያም ነበረ ማለት ነው። እዚህ ላይ ሲደርስ አእምሮዬ ቆመ፤ ወደፊት መሄድ ፈራ።

በማግሥቱ ጧት ስደርስ ሰዎቹ እንደበፊቱ ጀልባዋን ሊያወጡልኝ ገመድ ይዘዋል። "አትንኳት" አልሁ። ሱሪዬን ጠቅልዬ እውሃው ውስጥ እንዳለች ገባሁባት። ኔጌቲቩን ፈትቼ አምፖሌን አስገባሁ።

በራች። ደከም ያለ ቀይ ብርሃን፣ ግን በራች።

የመጀመሪያውን ፊውዝ ነቀልሁ፤ ትበራለች። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፤ ትበራለች። ሳጥኑ ባዶ ሆነ፣ አሁንም ትበራለች። በሳጥኑ የማያልፍ አንድ ሽቦ ብቻ ነበር። ሳንቃውን አነሳሁ። ፓምፑ ሊመጥጠው የማይችል አንድ ጋት የሚሆን ጭቃማ ውሃ ወለሉ ላይ ተኝቷል። ሽቦውን ከባትሪው ራስ ጀምሬ በሁለት ጣቴ ተከተልሁት። ውሃው ውስጥ ገብቶ ጥቂት እንደሄደ ጣቴ እንደ ራሰ ጨርቅ ያለ ነገር ነካ። አወጣሁት። ናስትሮው ተላቆ ተንጠልጥሏል። መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ ተበልቷል፤ ሁለት ሦስት ቃጫ ብቻ ነው የቀረው። ከውሃው ሳወጣው አምፖሏ ጠፋች። መልሼ ስከተው በራች። ጀልባዋ አሸዋ ላይ ስትሆን ሆዷ ይደርቃል፤ ለዚህ ነው ያን ቀን ምንም ያላገኘሁት። ውሃ ላይ ስትሆን ግን ባትሪው በዚያ ቅጥል በኩል በጭቃማው ውሃ አልፎ ወደ ብረቷ ቀንና ሌት ይፈሳል።

እጄ ላይ የያዝሁት የራሴ ጥምዝ ነበር። ሰው የእጁን ጽሑፍ እንደሚያውቅ እኔም ጥምዜን አውቃለሁ።

ዘሃራ ዳር ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። "አገኘኸው?" አለች።

"አገኘሁት።"

"የማን ሥራ ነው?"

"የኔ።"

ሽቦውን አየችው። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣ "መኳንንትስ?" አለችኝ።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ እሱን አላሰብሁትም ነበር። ይህን ስጽፍም ያስደነግጠኛል።

መኳንንትን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በገላባት መንገድ ካሉት እርሻዎች በአንዱ፣ በዚያ ዕድሜው፣ ከቀን ሠራተኞች ጋር ሰሊጥ ሲከምር አገኘሁት። ዳስ ሥር ተቀመጥን። ውሃ ሰጠኝ።

"አያ መኳንንት፣ ሬዲዮው አልነበረም" አልሁት።

"አውቃለሁ።"

"እንዴት አወቅህ?"

ከጆንያው ሬዲዮውን አወጣና የጀርባውን ክዳን ከፈተ። የእጅ ባትሪ ድንጋዮች፣ ሦስት፣ ተደርድረው ተቀምጠዋል። "የራሷ ድንጋይ አላት" አለ። "ከጀልባዋ ባትሪ ጋር ተገናኝታ አታውቅም።"

"ሽቦውስ?"

"አንቴና ነው። ያገራችንን ጣቢያ እንድትይዝልኝ ከጀልባዋ ዳስ ምሰሶ ብረት ላይ ጠምጥሜው ነበር።"

ያችን ሽቦ አንድ ክንድ ያህል በጣቴ ብከተላት ኖሮ ብረቱ ላይ ተጠምጥማ አገኛት ነበር። ሥራ በጀመርሁ በመጀመሪያው ሳምንት የተማርሁት ነገር ነው። ሲጠቀልላት እንኳ ከባትሪው በኩል ምንም ሳይፈታ በቀላሉ ስቦ እንዳወጣት ዓይኔ አይቷል።

"ለምን አልተናገርህም?" አልሁት።

"ትከተላታለህ ብዬ ጠበቅሁህ እኮ" አለኝ። "አንተ ባለሙያ ነህ፣ እኔ ነጂ ነኝ። በሰው ፊት ካልህ በኋላ እኔ ብናገር ማን ይሰማኛል? ደግሞ ያገሬ ሰው ነህ። አንድ ነገር አይተህ ይሆናል ብዬ ራሴን እስከ መጠራጠር ደርሼ ነበር። ቤት ገብቼ ሬዲዮዋን ደጋግሜ ከፍቼ አየኋት።"

ስለ ሐሊማ ልጅ አልሰማም ነበር። ስነግረው የሰሊጡን ገለባ ከልብሱ ላይ ማራገፍ ጀመረ፤ ልብሱ ንጹሕ ከሆነ በኋላም አላቆመም።

"እንድትመለስ ልለምንህ ነው የመጣሁ" አልሁት።

"እመለሳለሁ። ግን እዚያው ቦታ፣ እነዚያው ሰዎች ፊት፣ ያልኸውን ታነሳልኛለህ።"

ዓርብ ከሶላት በኋላ የመንደሩ ሰው ትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ ተሰበሰበ። ሙሳ መጨረሻው ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። የበሰበሰውን ሽቦ በእጄ ይዤ ቆምሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የተናገርሁት ዓረብኛ ጠፋኝ፤ የመጣልኝን ቃል ብቻ እያነሳሁ ተናገርሁ። ሽቦውን የቀጠልሁት እኔ እንደሆንሁ፣ ሳልበይደው እንደሄድሁ፣ መኳንንትን ሳላጣራ እንደወነጀልሁ፣ ባትሪውን ቀይሬ ሕመሙን እንደተውሁት ተናገርሁ። ስጨርስ ሙሳ ተነሳ። ጫማውን አደረገ። በአጠገቤ አልፎ ሄደ። ማንም አልጠራውም።

ሼኽ ዑመር መኳንንትን በስሙ ጠርተው ይቅርታ ጠየቁት። ወደ እኔ ዞረው፣ "ሌላ ሠሪ ማምጣት ይገባን ነበር" አሉኝ። "ግን ውስጧን የምታውቅ አንተ ነህ። ሠርተህ ጨርስ።"

አራት ቀን ሠራሁ። ከመኳንንት ጋር ነው የሠራነው፤ እያንዳንዱን ሽቦ እሱም በጣቱ እንዲከተል አደረግሁ። ሁለተኛ ባትሪ አስገባን። አዲሱ ለሞተሩ ማስነሻ ብቻ ሆነ፤ ሌላ ምንም ነገር አይነካውም። አሮጌው መብራቱን፣ ማቀዝቀዣውንና ፓምፑን ይመግባል። ሞተሩ ሲሠራ ሁለቱን አገናኝታ የምታስሞላ፣ ሞተሩ ሲጠፋ የምትለያይ ሪሌ ገጠምሁ፤ አሮጌው ባዶ ቢሆን እንኳ የማስነሻው አይነካም። የማስነሻውም ቢሞት ሞተሩን በሌላው ማስነሳት እንዲቻል መሪው አጠገብ አንድና ሁለት የሚል ወፍራም ማዞሪያ አደረግሁ። ሁለቱም በክብደታቸው የጀልባዋን ኋላ እንዳያሰምጡ አንዱን ግራ፣ አንዱን ቀኝ፣ ወደ መሀል ቀረብ አድርገን በሳጥን ከተን በጠፍር አሰርናቸው። የፓምፑን ሽቦ ከባትሪው ራስ እስከ ፓምፑ ያለ አንድ ቅጥል ዘረጋሁት፤ የራሱንም ፊውዝ ሰጠሁት። ሲያልቅ እውሃው ላይ እንዳለች፣ ሆዷ ውስጥ ውሃ ጨምረን፣ አምፖሏን አስገባን። አልበራችም። መኳንንት እስከ ማግሥቱ ጧት እንድትቆይ ፈለገ። ቆየች፤ አልበራችም።

ከዚያ በኋላ በየሁለት ወሩ እየሄድሁ አያት ነበር። ከሙሳ ጋር ገበያ ላይ ወይም ወደቡ ላይ እንገናኛለን። አብሮኝ ያለውን ሰው ሰላም ይላል፤ እኔን አያየኝም። አልተቀየምሁም።

ሱቄን ከለቀቅሁ በኋላ ለመሰናበት ወደ መንደሩ ሄድሁ። ጧት ነው፤ መኳንንት ወደ ከተማው ዳር ሊነሳ ነበርና እኔም ተሳፈርሁ። ዘሃራ ቀድማ ተቀምጣለች። በዚህ መሀል ሙሳ ሐሊማን ይዞ መጣ። ሆዷ ገፍቷል፤ ዘሃራ ወሯ ሳይደርስ ከተማ ዘመድ ቤት ሆና ትጠብቅ ብላት ነው። ሙሳ እኔን ሲያይ ቆመ። ልወርድ ተነሳሁ። ዘሃራ "ተቀመጥ" አለችኝ።

ሙሳ ሚስቱን ዳር ላይ አቁሞ እስከ ጉልበቱ ውሃው ውስጥ ገባ። የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጁ ያዘና መኳንንትን፣ "አስነሳው" አለው።

መኳንንት ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተነሳ።

"አጥፋው።"

አጠፋው።

"ድገመው።"

ተነሳ። ሙሳ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ድምፁን አዳመጠ። አሁንም አስጠፋው። ከዚያ ዓይኑ ማዞሪያው ላይ አረፈ። ወደ እኔ ዞረ፤ ከዚያ ዓርብ ወዲህ ሲያናግረኝ የመጀመሪያው ነው።

"በሌላውስ ይነሳል?"

"ይነሳል" አልሁት።

"አንተ አስነሳው።"

ተነስቼ ማዞሪያውን ወደ ሌላው ባትሪ አዞርሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ቁልፉን በሁለት እጄ ያዝሁት። ሞተሩ ተነሳ። ሙሳ እጁን ከጠርዙ ላይ አላነሳም፤ ጣቶቹ ብረቱ ላይ ሲርገበገቡ አያለሁ።

"ድገመው" አለኝ።

ደገምሁት። ተነሳ። ያን ጊዜ ወደ ዳር ተመልሶ ሐሊማን በክንዶቹ አነሳት፣ ውሃውን እየከፈለ አመጣትና ቀስ ብሎ አጠገቤ አስቀመጣት።